ብርድ ያልነካው ዛፍ

ብርቱካን ለእኛ ከገበያ በኪሎ የሚገዛ ፍሬ ነው። ዛፉም ደጅ ቆሞ ያድጋል እንጂ፣ «በረደህ ወይ?» ብሎ ቤት የሚያስገባው የለም። ውርጭ ባለበት አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ብርቱካን በሣጥን ተተክሎ፣ የበረዶው ወራት ሲመጣ ቤት ገብቶ የሚከርም እንግዳ ነበር። እንዲህ ያለውን እንግዳ የሚችለው ደግሞ ባለጸጋ ብቻ ነው።

የፈረንሳዩን ንጉሥ የሉዊ 14ኛን ነገር እንውሰድ፤ ዘመኑን በፈረንጆቹ ልቁጠረው። በ1661 የገንዘብ ሚኒስትሩን ኒኮላ ፉኬን ካሳሰረ በኋላ፣ የሰውዬውን የብርቱካን ዛፎች ሳይቀር ለራሱ ወሰደ። ከ1684 እስከ 1686 ደግሞ አርክቴክቱ ዡል አርዱዌን ማንሳር ቬርሳይ ላይ ለዛፎች ቤት ሠራ። የመካከለኛው አዳራሽ ርዝመት ከ150 ሜትር ይበልጣል። ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ወደ ፀሐይ አዙሯል። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ድርብ ስለሆነ እሳት ሳይነድበት እንኳ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች አይወርድም። ዛፎቹ በግንቦት ወጥተው በጥቅምት ይመለሳሉ። የሣጥኑ ጎን ተከፋች ነው፤ አትክልተኛው ሥሩን የሚያየው በዚያ በኩል ነው። ንጉሡ በዚህም አልበቃውም፤ በመስታወት አዳራሹ ውስጥ ብርቱካን በብር ገንዳ ያስተክል ነበር። በ1689 ግን ብሩ ለጦርነት ወጪ ቀለጠ።

መቼስ የብርቱካን አበባ ሽታ የማይወድ ማን አለ? በዚህ አልፈርድም። እኔን የሚከነክነኝ የ1709 ክረምት ነው። ውርጩ ወንዝ አጋገረ፣ ማሳ ላይ ያለውን ስንዴ ገደለ። ብርዱና ተከትሎት የመጣው ረሃብ 600 ሺህ ያህል ፈረንሳዊ እንደጨረሰ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ከገበሬው በተሰበሰበ ግብር የታነጸው ቤት ግን ዛፎቹን አቅፎ ቆሞ ነበር።

በ1871 በዚያ ቤት ሰዎችም ገቡበት። የፓሪስ ኮምዩን ሲደመሰስ ተይዘው ወደ ቬርሳይ ከተነዱት መካከል በሺህ የሚቆጠሩት እዚያው ታጎሩ። ለዛፍ መጠለያ የነበረው ለሰው እስር ቤት ሆነ ማለት ነው።

ዛሬ ሎሚ በማሰሮ ተክሎ መስኮት ሥር ማሳደግ የማንም ሰው ደስታ ሆኗል፤ እሰየው ነው። የነገሥታትን ሕንጻ እያዩ ማድነቅም አይከፋም። እኔ ግን ምን ሠሩ ከማለቴ በፊት፣ ማንን ከብርድ አዳኑ ብዬ እጠይቃለሁ።