ጸጋ በኪሎ ሜትር አይለካም

ባለፈው ወር በኅብረታችን «ዘ ዌይ» የተሰኘውን ፊልም አብረን አይተን ነበር። ፊልሙ እንዳለቀ አንድ ወንድም እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ እኛ የምንድነው በጸጋ ነው። ታዲያ ሰውዬው ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መሄዱ ምን ጠቀመው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ዕለት ሰዓት አጥሮኝ በአጭሩ መለስኩለት። ጥያቄው ግን ታሪክን ስለሚነካ እዚህ ልመለስበት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙን በ2010 የሠራው ኤሚሊዮ ኤስቴቬዝ ነው፤ ዋናውን ሰው የሚጫወተው ደግሞ የገዛ አባቱ ማርቲን ሺን ነው። ቶም በካሊፎርኒያ የሚኖር የዓይን ሐኪም ነው። ልጁ ዳንኤል ትምህርቱን አቋርጦ ዓለምን ልዙር በማለቱ ተቀይሞታል። አንድ ቀን ከፈረንሳይ ስልክ ይደወልለታል፤ ዳንኤል በፒሬኒስ ተራሮች ላይ ሞቷል። አባትየው አስከሬኑን ሊያመጣ ይሄድና ሐሳቡን ይለውጣል። አመዱን በልጁ ቦርሳ ተሸክሞ፣ ልጁ የጀመረውን ጉዞ ሊጨርስለት ይነሣል። ጉዞው በሰሜን ስፔን በኩል እስከ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ድረስ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሰው ለምን ወደዚያ ይሄዳል? በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቴዎዶሚር የተባለ ኤጲስ ቆጶስ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር በዚያ ስፍራ እንደተገኘ ተናገረ። የአስቱርያስ ንጉሥ 2ኛ አልፎንሶም ቤተ ክርስቲያን አሠራበት። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ስፔን በሙስሊም ገዢዎች እጅ ስለነበረ፣ በሰሜን ለቀሩት ክርስቲያኖች ይህ ወሬ ትልቅ መጽናኛ ሆነላቸው። ዛሬ የሚታየው ካቴድራል ግንባታው በ1075 ተጀመረ። በ12ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የመንገደኞች መምሪያ ተጻፈ፤ የትኛው ወንዝ እንደሚጠጣና የትኛው እንደማይጠጣ ሳይቀር ይዘረዝራል።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን ስለ ያዕቆብ ሞት የሚነግረን ጥቂት ነው። ሐዋርያት ሥራ 12 ላይ ሄሮድስ በሰይፍ እንዳስገደለው እናነባለን። ስለ ስፔን አንድም ቃል የለም።

ከተጓዦቹ ብዙዎቹ የኃጢአቴ ቅጣት ይቀልልኛል ብለው ነበር የሚሄዱት። አንዳንዱን ጥፋተኛ ዳኛ ፈርዶበት ይልከው ነበር። ሀብታም ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው ያስኬድ ነበር! እግሩ የሌላ ሰው፣ ዋጋው የባለገንዘቡ ማለት ነው። ማርቲን ሉተር በ1520 የተቃወመው ይህን ዓይነቱን ልማድ ነበር። ሰው ገንዘቡን በሩቅ ጉዞ ላይ ሲጨርስ ሚስቱና ልጆቹ፣ ጎረቤቱም ይቸገራሉ ብሎ ወቀሰ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እየቀዘቀዘ ሄደ። በ1589 እንግሊዞች ይዘርፉታል ተብሎ የተሸሸገው ዐፅም እንኳ እስከ 1879 ድረስ የት እንዳለ ጠፍቶ ቆይቷል። በ1980ዎቹ ኤሊያስ ቫሊንያ የተባሉ የገጠር ቄስ ቢጫ ቀለም ይዘው በየመታጠፊያው ቀስት መሳል ጀመሩ። በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ400,000 በላይ ሰዎች ሳንቲያጎ ይደርሳሉ።

ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። ቶም በመንገድ ሦስት ሰዎች ያገኛል። ሆላንዳዊው ውፍረት ሊቀንስ፣ ካናዳዊቷ ሲጋራ ልታቆም መጥተዋል፤ አየርላንዳዊው መጻፍ ያቃተው ጸሐፊ ነው። ቶም መጀመሪያ ሊያናግራቸውም አይፈልግም። በኋላ ግን አብሯቸው ይበላል፣ አብሯቸው ያለቅሳል። ሳንቲያጎ ሲደርስም የምስክር ወረቀቱን በልጁ ስም ያጽፋል።

ሉተር የወቀሰው ቤቱን ጥሎ የሄደውን ነው። ቶም ግን ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከሥራው ሳይቀር፣ ከልጁ ርቆ የኖረ ሰው ነው። ልጁ ምን እንደሚወድ ያወቀው አመዱን ከተሸከመ በኋላ ነው። በእግዚአብሔር ፊት ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር አንድ ኃጢአት አያስተሰርይም፤ ክርስቶስ ፈጽሞታልና። ወደ ልጁ ልብ ለመቅረብ ግን መሄድ ነበረበት፤ የሄደውም ዘግይቶ ነው።

እኛ ገና አልዘገየንም። ከመካከላችሁ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የማያወራ እንዳለ አውቃለሁ። እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በሚመጣው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ታክሲ አትያዙ። ከእነርሱ ጋር በእግራችሁ ወደ ቤት ሂዱ። በእናንተ ዕድሜ ሳሉ ምን ይመኙ እንደነበረ ጠይቋቸው፤ ከዚያም ዝም ብላችሁ አዳምጡ።