ከቀሃ ወንዝ እስከ ባለ ሞተር ገንዳ

ሰሞኑን የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ቤቱን ሠርቶ ጨርሷል፤ አሁን ግቢው ውስጥ «ስዊም ስፓ» ሊያስገባ ነው። «አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሽ የለ? እስቲ የቱ እንደሚሻለኝ አጣሪልኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ ስልኩን ያነሳሁት ሰቆጣ፣ ከአክስታችን ጋር የጀሪካን ሰልፍ ይዤ ነው። ሳቄን እንደምንም ዋጥኩት።

ለማያውቀው፣ ስዊም ስፓ ከ4 እስከ 6 ሜትር የሚረዝም ገንዳ ነው። ሞተሩ ውሃውን ከፊት እየገፋ ይልከዋል፤ ዋናተኛው ሽቅብ እየዋኘ እዚያው ባለበት ይቀራል። ሲደክመው ጥግ ይዞ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል።

ቀዝቃዛ ይሁን ሙቅ? የብዙ ሰው ይሁን የግል? ይሄ ጥያቄ ለአገራችን አዲስ አይደለም።

ጎንደርን እንይ። በ17ኛው መቶ ዘመን በነገሠው በዐፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራው መዋኛ ቀዝቃዛ፣ ሰፊና የሕዝብ ነው። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ በቦይ ተስቦ ይሞላል። ከተባረከ በኋላ ወጣቱ እየዘለለ ይገባበታል። ሠሪዎቹ ገንዳውን ከወንዙ አላራቁትም።

እቴጌ ጣይቱ ደግሞ ሙቁን መረጡ። እንጦጦ ብርዱ ጠንክሮ ማገዶውም ሲርቅ፣ ቤተ መንግሥቱ የአካባቢው ኦሮሞዎች ቀድመው ወደሚያውቁት ወደ ፊንፊኔ ፍልውሃ መውረድ ለመደ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ እዚያው አጠገብ ቤት አሠሩ። ውሃውን ወደ ቤት ሳይሆን ቤቱን ወደ ውሃው አመጡት ማለት ነው። አዲስ አበባም ከዚያ ተወለደች።

ነገሩን የገለበጡት አሜሪካኖች ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የውሃ ፓምፕ የሚሠራው የጃኩዚ ቤተሰብ፣ መገጣጠሚያውን ለሚያመው ልጁ መታሻ እንዲሆን መታጠቢያ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ባሉበት የሚዋኙባቸው ገንዳዎች ለገበያ ቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ምንጭ ፍለጋ መውረድ ቀረ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ባለ ጄቱ ዋጋው ረከስ ይላል፤ ግፊቱ ግን ጠባብና የሚናጥ ነው፤ ለጀርባ ሕመምና ለልጆች ይበቃል። ባለ ውልብልቢቱ ወይም ባለ መቅዘፊያው ሰፋ ያለ፣ የተስተካከለ ሞገድ ስለሚሰጥ የምር ለሚዋኝ ነው፤ ኪስ ግን ይጎዳል። ባለ አንድ ክፍሉ አንድ ሙቀት ብቻ ነው ያለው። ለዋና 28 ዲግሪ አካባቢ ደህና ነው፤ ለመዘፍዘፍ ግን 38 ያስፈልጋል። ሁለቱንም የፈለገ ባለ ሁለት ክፍሉን ይግዛ፤ የመብራት ሂሳቡንም ይቻል።

ውሃውስ? መካከለኛው 6,000 ሊትር ይይዛል፤ በእኛ ሰፈር ስሌት 300 ጀሪካን ነው። ግን አንፍረድበት። ርዝመቱ 25፣ ስፋቱ 10፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ የሆቴል መዋኛ 18,750 ጀሪካን ይውጣል። ያኛው ትንሹ ገንዳ ከተጣራና ከታከመ ያንኑ ውሃ ለወራት ይጠቀማል።

እኛ ዘንድ ያለው ችግር ሌላ ነው። ከዋግ ኽምራ ቆላ ግርጌ ተከዜ ይፈሳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ሰፊ ሐይቅ ፈጥሯል። ግን ሐይቁ እታች ነው፤ የደገኛው ማሰሮ እላይ።

ነገሩን ለአክስቴ ነገርኳት። አልሳቀችም። «ውሃው ከየት ይመጣለታል ልጄ?» ብቻ አለች። የፋሲል ሠሪዎችም ጣይቱም መጀመሪያ የመለሱት ይህንኑ ነበር።

ማታ ደወልኩለት። «መጀመሪያ የጣራህን ዝናብ አጠራቅም። 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል ገንዳህን አንዴ ይሞላልሃል። ሞተሩን ከዚያ እንመርጣለን» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና፣ «ለአክስታችንስ? የስንት ሊትር ሮቶ ይበቃታል?» አለኝ።

እሱን ለመምረጥ አልተቸገርንም።