የጭነት መኪና የፊት እግር ፍተሻና ጥገና

እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ባሉ አሮጌ የጭነት መኪኖች የመሪ መላላትና የጎማ በአንድ ወገን መበላት የፊት እግር ክፍሎች ማለቃቸውን ያመለክታሉ። ቴስቲና ጨርሶ ከወለቀ ጎማው ለመሪው አይታዘዝም፤ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ለሚወርድ አሽከርካሪ አደጋው የከፋ ነው።

ለፍተሻ የኋላ ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ፤ የፊት አክሰሉም በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያርፋል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ከተላወሰ ረዳት ፍሬን ይረግጣል። መላወሱ ከቆመ ችግሩ የኩሽኔታ፣ ከቀጠለ የኪንግ ፒን ነው። ወደ ጎን ብቻ የሚላወስ ከሆነ ቴስቲናው ይፈተሻል።

ኪንግ ፒን ከነቡሽንጉ በሁለቱም ወገን ቢቀየር ይመረጣል። አዲሱ ቡሽንግ በፒኑ ልክ ካልሰፋ መሪው ይከብዳል። ከጥገናው በኋላ የጎማ አቅጣጫ ካልተስተካከለ አዲስ ጎማም ፈጥኖ ያልቃል። ግሪስ በየጊዜው መሙላት የክፍሎቹን ዕድሜ ያራዝማል።