ሞዴሉ የትኛው ነው?

እንጅባራ ላይ «ሞዴል» ካላችሁ ግንባር ቀደም አርሶ አደር ይመጣላችኋል፤ ንብረት ክፍል ብትሉት ሞዴል 19ና 22 የተባሉት ቅጾች። እንግዲህ የዳንግላ ተማሪ «ሞዴል አውሮፕላን ሠራሁ» ቢል አርአያ የሚሆን ነው ወይስ ቅጽ? ሜታኖልና የጉሎ ዘይት በሚጠጣ ሞተር የሚነሳ፣ ከመሬት በሬዲዮ የሚመራ ትንሽ አውሮፕላን ማለቱ ነበር። የቃሉ ሥር የላቲኑ «ሞዱሉስ»፣ ትንሽ መለኪያ ነው፤ አርአያነቱ በኋላ የተደረበ። እኔ «አምሳያ» እላለሁ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የበረረችውን «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን አሳንሶ የሠራ፣ አምሳያዋን ሠራ። ክንፉን ቀይሮ፣ ሞተሩን አሻሽሎ የራሱን ያወጣ ግን ማንንም አልመሰለም፤ ለእሱ «ባለሬዲዮ አውሮፕላን» ይበቃል።