«እርምጃ ተወሰደ»

እርምጃ ከመራመድ የመጣ ቃል ነው። በዜና ግን ነጋዴ ሲቀጣም፣ ሹም ሲሻርም፣ ሰው ሲረሸንም «እርምጃ ተወሰደ» ሲባል ኖረ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲገድል «ፖለቲካዊ ውሳኔ» አለው። በ1969 ዓ.ም. «ነፃ እርምጃ» መጣ፤ ቀበሌ ሳይቀር ያለ ዳኛ ገደለ። ኧረ ለመሆኑ ነፃ የወጣው ከምንድን ነው? ከሕግ ነዋ!

«ተወሰደ» ሲባል ወሳጁ አይታወቅም። ሰሚው ግን አልተታለለም፤ ቃሉን ፈታው፣ ፈትቶም ለመደው። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሞት እንደ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ተሰማ።

ስለዚህ ዛሬም «እርምጃ ተወሰደ» የሚል ዜና ስናነብ፣ ማን ወሰደ? በማን ላይ? በየትኛው ሕግ? እንበል። የተገደለ ሰው ተገደለ ይባል።