የድምፅ ካርድ እንዴት ረከሰ

አይቢኤም በ1981 ለገበያ ያቀረበው የግል ኮምፒውተር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር ነበር፤ ገዢው ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚያገኘው ድምፅ ግን ጢጥ ከሚል ምልክት እምብዛም አያልፍም ነበር። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ የምትታዘዘው ጊዜ ለመቁጠር በተሠራ ቺፕ ሲሆን፣ ቺፑ ኤሌክትሪኩን ወይ ከመልቀቅ ወይ ከማቋረጥ በቀር ሌላ ስለማያውቅ፣ ማሽኑ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኖታ በላይ ማሰማትም ሆነ ድምፁን ማለዘብ አይሆንለትም ነበር። የድምፅ ቀለም የሚባለው፣ ማለትም ክራርና ዋሽንት አንድ ዓይነት ኖታ ሲያሰሙ ጆሮ ሁለቱን እንዲለይ የሚያደርገው ባሕርይ፣ በዚህ ማሽን ዘንድ አልነበረም። ይህም የዘመኑ ዕውቀት ስላልደረሰበት አይደለም፤ በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒውተር ሦስት ድምፆችን ባንድነት የሚያሰማ ሲድ የተባለ ቺፕ ከውስጡ ይዞ ነበርና። አይቢኤም ግን ማሽኑን ያሰበው በመጀመሪያ ለሒሳብ መዝገብና ለደብዳቤ ስለነበር ለዜማ ወጪ ማውጣት አላስፈለገውም።

ሆኖም ያው ማሽን አንድ በር ክፍት ትቶ ነበር። በዋናው ሰሌዳ ወይም ማዘርቦርድ ላይ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው፣ ስሎት የሚባሉ አምስት ማስገቢያዎች ስለነበሩት፣ ሌሎች ኩባንያዎችም የሚስማማ ካርድ ሠርተው መሸጥ ቻሉ። የድምፅ ካርድ፣ በተለምዶ ሳውንድ ካርድ የሚባለው፣ የተወለደው ከዚህ ነው፤ ሥራውም ኮምፒውተሩ በቁጥር የያዘውን ትእዛዝ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ለውጦ ለድምፅ ማጉያ ማስረከብ ነው። ነገር ግን ከአምስቱ ማስገቢያዎች አንዱን የስክሪኑ ካርድ፣ ሌላውን የዲስክ መቆጣጠሪያው ይይዟቸው ስለነበር የቀሩት ባለቤቱ የሚሳሳላቸው ቦታዎች ነበሩ። ስለዚህ የአንድ ካርድ ዋጋ በሱቅ የተለጠፈበት ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሚወስደው ቦታም፣ ኋላ እንደሚታየው ደግሞ የሚያባክነው ሰዓትም ጭምር ነበር። የዚህ ዕቃ ታሪክ በሙሉ ሊነበብ የሚገባው በዚህ ሰፋ ባለው የዋጋ ትርጉም ነው።

ገበያውን የከፈተው በ1987 አድሊብ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ነው። መሥራቹ ማርቲን ፕሬቬል በኬቤክ ከተማ በላቫል ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ ካርዳቸውን የገነቡት የጃፓኑ ያማሃ በሚሸጠው ዋይኤም3812 በተባለ ቺፕ ላይ ነው። ቺፑ የሚሠራበት ዘዴ ኤፍኤም ሲንተሲስ ይባላል፤ ጆን ቻውኒንግ በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የደረሱበት ሲሆን፣ አንዱ ሞገድ የሌላውን ሞገድ ድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ የሚርገበገብበትን መጠን፣ እጅግ በፍጥነት እንዲያወዛውዘው በማድረግ ከሁለት ተራ ሞገዶች የደወል ወይም የመለከት ዓይነት የበለጸገ ቀለም ያወጣል። ያማሃ የዘዴውን ፈቃድ ከዩኒቨርሲቲው ወስዶ በ1983 ዲኤክስ7 የተባለውን ዝነኛ ኪቦርድ ካወጣ በኋላ ያንኑ ሐሳብ አቅልሎ በትናንሽ ቺፖች ላይ አሳረፈው፤ አድሊብ የተጠቀመበትም ቺፕ ዘጠኝ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ማሰማት ይችል ነበር።

ዘዴው ለቤት ኮምፒውተር የተመቸው ከሁሉ በላይ በቁጠባው ነው። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ስቴሪዮ ድምፅ በየሰከንዱ 176,400 ባይት ስለሚፈልግ፣ 1.44 ሜጋባይት የሚይዝ ፍሎፒ ዲስክ ከስምንት ሰከንድ ብዙም የማይበልጥ ሙዚቃ ብቻ ይችል ነበር። ለኤፍኤም ቺፕ ግን የትኛው ኖታ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ መንገር ስለሚበቃ አንድ ሙሉ ዜማ በጥቂት ሺህ ባይት ይጻፋል። ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ ቺፑ የሙዚቃ መሣሪያን ይመስላል እንጂ የተቀዳን ነገር መልሶ ለማጫወት ስላልተሠራ፣ የሰው ንግግር ወይም የሚዘጋ በር ድምፅ እንዳለ ሊያሰማ አይችልም።

ሰውን ወደ ካርዱ የሳበው ጨዋታ ነው። ሲዬራ ኦንላይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1988 አራተኛውን ኪንግስ ኩዌስት ሲያወጣ ሙዚቃውን በፊልምና በቴሌቪዥን ሥራቸው ለሚታወቁት ለዊልያም ጎልድስታይን ሰጥቶ፣ ጨዋታው በአድሊብም ሆነ ሮላንድ ኤምቲ-32 በተባለው መሣሪያ እንዲሰማ አደረገ። ኤምቲ-32 በመሠረቱ ለሙዚቀኞች የተሠራ፣ ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚቀመጥ ሣጥን ሲሆን፣ በጥራት ከአድሊብ እጅግ የላቀ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሲዬራ ራሱ በ550 ዶላር ይሸጠው ስለነበር 200 ዶላር አካባቢ የሚጠይቀው አድሊብ በቤተሰብ አቅም ሲታይ ያለ ተወዳዳሪ ቆመ። ከሁለቱም በታች ደግሞ ኮቮክስ ስፒች ቲንግ የተባለች፣ ማስገቢያ እንኳ የማትጠይቅ፣ በፕሪንተሩ ቀዳዳ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ ነበረች። ውስጧ ያለው በተርታ የተያያዙ ሬዚስተሮች ነው፤ ሬዚስተር ማለት የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድብ ጥቃቅን ዕቃ ሲሆን፣ ከፕሪንተሩ ቀዳዳ የሚወጡትን ስምንት መስመሮች እንደየክብደታቸው ደምሮ አንድ ሞገድ ያወጣል። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ብዙ ወጣቶች ሬዚስተር ገዝተው በገዛ እጃቸው በየጠረጴዛቸው ላይ ይበይዱት ነበር፤ ብልሃቱ ከማናቸውም ውድ ካርድ ያላነሰ ክብር የሚገባው ነው።

የወሳኙ ካርድ መነሻ ግን ሲንጋፖር ነው። ሲም ዎንግ ሁ ከንጊ አን የቴክኒክ ኮሌጅ ጓደኛቸው ከንግ ካይ ዋ ጋር በ1981 ክሪኤቲቭ ቴክኖሎጂን ሲመሠርቱ የነበራቸው አንዲት የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ነበረች። በ1986 ያወጡት ኪዩቢክ ሲቲ የተባለው በቻይንኛ የሚሠራ ኮምፒውተር ገበያ ባያገኝም፣ ማሽን ድምፅ ሊኖረው ይገባል የሚለው እምነታቸው ግን አልተነቃነቀም። በ1987 ክሪኤቲቭ ሚዩዚክ ሲስተም የተባለ ባለ 12 ድምፅ ካርድ ሠሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም ያንኑ ካርድ ጌም ብላስተር ብለው በአሜሪካ አቀረቡት። በድምፅ ቀለም ከአድሊብ ስላነሰ ብዙ አልተራመደም።

በ1989 መጨረሻ የወጣው ሳውንድ ብላስተር ከዚህ ሽንፈት የተማረ ካርድ ነው። በመጀመሪያ አድሊብ የሚጠቀምበትን የያማሃ ቺፕ ራሱን ስለያዘ ለአድሊብ የተጻፈ ጨዋታ ሁሉ ያለ ለውጥ ይጫወትበታል፤ አድሊብ የካርዱን ልብ ከሌላ ፋብሪካ የሚገዛ በመሆኑ ይህን ሊከለክል የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። በሁለተኛ ደረጃ የተቀዳ ድምፅን የሚያሰማ ክፍል ጨመረ። ድምፅ በኮምፒውተር የሚቀዳው ሞገዱን በየቅጽበቱ በመለካት ሲሆን እያንዳንዱ ልክ ናሙና ይባላል፤ ሳውንድ ብላስተር በሰከንድ እስከ 22,000 ገደማ ናሙናዎችን፣ እያንዳንዱን ከ256 ደረጃዎች በአንዱ እየመደበ፣ ማሰማት ስለቻለ ጨዋታዎች መናገርና መተኮስ ጀመሩ። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ የጆይስቲክ መሰኪያ በካርዱ ጀርባ ላይ አኖረ። ይህ ከድምፅ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ጭማሪ የኩባንያው ትልቁ ማስተዋል ነው ሊባል ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ ጆይስቲክ የራሱን ካርድ ይፈልግ ስለነበር፣ ሳውንድ ብላስተርን የገዛ ሰው የአንድ ካርድ ገንዘብና የአንድ ማስገቢያ ቦታ አተረፈ። በሚቀጥለው ዓመት በወጣው 1.5 በተባለው እትም ኩባንያው የጌም ብላስተር ዘመን ቺፖችን ከካርዱ አውጥቶ መቀመጫቸውን ባዶ ተወው፤ ለሚፈልጋቸው ለብቻ ይሸጡ ነበር።

አድሊብ በ1992 ከሰረ። በዚያው ዓመት ክሪኤቲቭ በአሜሪካው የናስዳቅ የአክሲዮን ገበያ በመመዝገብ ከሲንጋፖር ኩባንያዎች የመጀመሪያው ሆነ፤ የሲዲ ጥራት ያለውን፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ናሙናዎችን ከ65,536 ደረጃዎች የሚመድበውን ሳውንድ ብላስተር 16ንም አወጣ።

ከዚህ በኋላ የገዢው ጥያቄ ካርዱ ጥሩ ድምፅ አለው ወይ የሚል መሆኑ ቀርቶ ሳውንድ ብላስተርን ይመስላል ወይ የሚል ሆነ። ዶስ የተባለው የኮምፒውተር ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በነገሠበት ዘመን እያንዳንዱ ጨዋታ ካርዱን በቀጥታ ያዝዝ ስለነበር፣ ካርዱ በሚጠበቀው አድራሻ ካልተገኘ ዝም ይላል። በ1992 የወጣው የካናዳው ግራቪስ አልትራሳውንድ 32 ድምፆችን በተቀዱ እውነተኛ የመሣሪያ ናሙናዎች ያሰማ የነበረ ግሩም ካርድ ሆኖ ሳለ፣ ሳውንድ ብላስተርን በሚገባ መምሰል ባለመቻሉ በብዙ ጨዋታዎች ዘንድ እንግዳ ሆኖ ቀርቷል። ተስማሚ ነኝ የሚል ርካሽ ካርድ የገዛም ሰው ያተረፈውን ገንዘብ በሰዓት ይከፍል ነበር፤ ካርዱ የአንጎለ ኮምፒውተሩን ትኩረት የሚጠራበት መስመር፣ ኢንተራፕት የሚባለው፣ ሰባተኛው ከሆነ ከፕሪንተሩ ጋር ስለሚጋጭ ወደ አምስተኛው ለማዛወር ሣጥኑን ከፍቶ በካርዱ ላይ ያለችውን ጃምፐር የተባለች ትንሽ ማያያዣ በእጅ ማንቀሳቀስ ያስፈልግ ነበር። ከዚህ ድካም ተጠቃሚውን የገላገለው ዊንዶውስ ነው፤ በፕሮግራሙና በካርዱ መካከል ድራይቨር የተባለውን አስተርጓሚ ሶፍትዌር ስላስገባ፣ የካርዱ ስም ቀስ በቀስ ለፕሮግራሙ ግድ የማይሰጠው ነገር ሆነ።

ዋጋውን ወደ ምንም ያወረደው ግን ኢንቴል በ1997 ያወጣው ኤሲ97 የተባለ መመዘኛ ነው። የቁጥሩን ሥራ ለማዘርቦርዱና ለዋናው አንጎለ ኮምፒውተር ትቶ፣ ቁጥርን ወደ ሞገድ፣ ሞገድንም ወደ ቁጥር የሚለውጠውን ኮዴክ የተባለ ትንሽ ቺፕ ብቻ ለብቻው አስቀረ። እንዲህ ያለው ቺፕ በማዘርቦርዱ ላይ ስለሚበየድ ድምፅ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚገዛ ነገር ሆነ፤ በ2004 የተካው ኤችዲ ኦዲዮ ደግሞ በሰከንድ እስከ 192,000 ናሙናዎች ስለሚችል፣ ለማዳመጥ ብቻ ካርድ የሚገዛበት ምክንያት እየጠፋ ሄደ። ሲም ዎንግ ሁ በጃንዋሪ 2023 ሲያርፉ ሳውንድ ብላስተር የሚለው ስም ገና በገበያ ላይ ነበር፤ ዕቃው ግን የጥቂት ወዳጆቹ ሆኗል።

አንድ ጉድለት ቀርቷል። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ቺፖችና የኃይል መስመሮች የሚያመነጩት የኤሌክትሪክ ረብሻ ደካማ በሆነው የማይክሮፎን መስመር ላይ ሹክሹክታ ሆኖ ይሰማል፤ ስለዚህ ድምፅ የሚቀዳ ሰው የሚበጀው በዩኤስቢ ገመድ የሚያያዝና ከሣጥኑ ውጭ የሚቀመጥ መሣሪያ ነው። ለሚያዳምጥ ሰው ግን በማዘርቦርዱ ጀርባ ያለው አረንጓዴ ቀዳዳ ይበቃዋል፤ ለካርድ ያሰበውን ገንዘብ ለተሻለ ድምፅ ማጉያ ቢያውለው ልዩነቱን በጆሮው ያገኘዋል።