ሞላር እርግዝና፦ ኬሞው እንደሚሠራ በምን ይታወቃል?

ሞላር እርግዝና ማለት ማህፀን ውስጥ በጤነኛ ፅንስ ፈንታ ውሃ የቋጠሩ፣ የወይን ዘለላ የሚመስሉ ነገሮች ሲያድጉ ነው። ደም መፍሰስና ከባድ ማስመለስ ሊያሳይ ይችላል፤ በአልትራሳውንድ ይታያል። ማህፀን ከተጠረገ በኋላም አንዳንዴ ቅሪቱ ዕጢ ይሆናል። ያኔ ኬሞ ያስፈልጋል።

አትደንግጡ፤ በጊዜ ከታከመ አብዛኛው ይድናል። ብዙዎቹም በኋላ ይወልዳሉ።

የትኛው ኬሞ? ሐኪሞች "ፊጎ" በሚባል መለኪያ ነጥብ ይሰጣሉ። የሚታየው፦ ዕድሜ፣ የቀደመው እርግዝና ዓይነት፣ ከዚያ ወዲህ ያለፈው ወር፣ የኤች ሲ ጂ ሆርሞን መጠን፣ የዕጢው ስፋት፣ የተሰራጨበት ቦታ፣ ብዛቱ፣ ከዚህ በፊት ያልሠራ ኬሞ።

• ከ0 እስከ 6፦ አንድ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ ሜቶትሬክሴት
• 7 እና ከዚያ በላይ፦ የተለያዩ መድኃኒቶች ጥምር

5 ወይም 6 ያላት ሴት ግን አንዱ መድኃኒት ላይበቃት የሚችልበት ዕድል ከፍ ይላል።

ቁርጡን የሚናገረው በየጊዜው የሚደረገው የደም ምርመራ ነው። ኤች ሲ ጂ ከፋርማሲ የምንገዛው የእርግዝና መመርመሪያ የሚያየው ያው ሆርሞን ነው። እየወረደ ከሄደ ኬሞው እየሠራ ነው፤ ባለበት ከቆመ ወይም ከጨመረ መድኃኒቱ ይቀየራል።

ለዚህ ነው ከሐይቅ ደሴ መመላለሱ ቢያደክምም፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ቢከብድም "ተሽሎኛል" ብሎ መቅረት የሚያሰጋው። ኬሞው ካለቀ በኋላም ቢያንስ 1 ዓመት አለማርገዝ ይመከራል፤ አዲስ እርግዝና ሆርሞኑን ስለሚጨምር በሽታው ቢመለስ እንኳ መለየት ያስቸግራል።

ለእህቶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።